እውነት ወይስ ተረት? «አብሽሩ» የሚለው የሳውዲ ስልክ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፋችሁ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ከሚሴ ትገባላችሁ። ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ብዙ ጊዜ ለምሳ የሚቆመው እዚህ ነው። እጁን ታጥቦ ምግቡን የሚጠብቅ መንገደኛ ዓይኑን ወዲያ ማዶ ቢወረውር፣ ከጭቃ ቤቶቹ መሃል ቆርቆሮው ገና የሚያብለጨልጭ፣ በሩ ብረት፣ ግድግዳው ደማቅ ቀለም የተቀባ ቤት አያጣም። «የሳውዲ ቤት ነው» ይሉታል። አጠገቡ ደግሞ ብሎኬቱ እስከ መስኮቱ ደርሶ የቆመ፣ ውስጡ ሣር የበቀለበት ሌላ ቤት አለ። ስለ እሱ ማንም ምንም አይልም።

ስለ ሳውዲ የሚወራው ሁሉ የሚነሳው ከመጀመሪያው ቤት ነው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ፣ ከደዋ ጨፋ እስከ አርጡማ ፉርሲ፣ ዘመድ ሳውዲ የሌለው ሰው መፈለግ ያደክማል። ነገሩ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ያወራዋል። አዲስ አበባ የሚወራው አንድ ነው፤ ከሚሴ የሚወራው ሌላ። እኔ በሁለቱም ቦታ ስሰማ የኖርኩትን ወሬ እያነሳሁ ልፈትሸው።

«ሐበሻ የሚሰደደው ወደ አውሮፓ ነው»

ተረት። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን የሊቢያን ጀልባ ስለሆነ ስደት ሲባል ጣሊያን ትዝ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ሜዲትራንያንን ተሻግሮ አውሮፓ የገባው ሰው 110 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከአፍሪካ ቀንድ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ የመን የገባው 138 ሺህ ነበር። ቆጠራው የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያን ዓመት ከሜዲትራንያን ይልቅ በእኛ በኩል ያለው ባሕር ብዙ ሰው አሻግሯል፤ ካሜራ ግን አልነበረበትም።

የከሚሴ ልጅ ሮምን ወይም ማድሪድን አያልምም። የሚያልመው ጂዛንን፣ ጂዳን፣ ሪያድን ነው። መንገዱም ከደጁ ይጀምራል፤ በኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከዚያ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ። ጅቡቲ ውስጥ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ባለው የድንጋይ በረሃ በእግር ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ይኬዳል። ከኦቦክ ዳርቻ ጀልባ። ሌላው መንገድ በሶማሌ በኩል እስከ ቦሳሶ ወርዶ ረጅሙን ባሕር መሻገር ነው። ባብ ኤል መንደብ የሚባለው መተላለፊያ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዐረቦቹ ስሙን ያወጡለት ለመርከበኞች ነበር፤ የለቅሶ በር ማለት ነው።

«የመን ጦርነት ላይ ናት፤ ማን ይደፍራል?»

ይህን የሚለው አገር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። የየመን ጦርነት ከተቀጣጠለ አምስተኛው ዓመት ላይ ነው 138 ሺህ ሰው የገባው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥሩ ወደ 37 ሺህ ሲወርድም ያወረደው ኮሮና እንጂ ጥይት አልነበረም። ጦርነት ለደላላ መልካም ነገር አለው፤ ዳር ድንበሩን የሚጠብቅ አንድ መንግሥት አይኖርም፤ ኬላውን ሁሉ በገንዘብ ማለፍ ይቻላል። ለተሻጋሪው ነው ክፋቱ።

«ደላላ አታሎ ወሰዳቸው»

ይህ የአዲስ አበባ ስብሰባ አዳራሾች ተወዳጅ ተረት ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ደግሞ ለመንቀል ያስቸግራል።

ደላላ ሲባል ጥቁር መነጽር ያጠለቀ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው የሚመስለን ብዙ ነን። ከሚሴ ላይ ደላላ የሚባለው የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። ካቻምና የተመለሰ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ እዚያው ሳውዲ ያለው የገዛ ወንድም ነው፤ «ና፣ እኔ እከፍልልሃለሁ» ይላል። እሱ አፋር ላይ ላለው ለሎጊያው ሰው ያስረክባል፣ የሎጊያው ለኦቦኩ፣ የኦቦኩ ለየመኑ። የመጀመሪያው ሰው ምናልባት አልዋሸም። የመጨረሻውን ሰው አያውቀውም።

ቤተሰቡስ? አልተታለለም ብል ቅር የሚለው ይኖራል፤ ግን አልተታለለም። ሒሳብ ሠርቶ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ አባት ያለው ጥቂት ጥማድ ነው፤ ልጆቹ አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ልጅ ተካፍሎ ማሽላ ይዘራል፣ ሁለተኛው የእኩል ያርሳል፣ ሦስተኛው ምን ይሁን? በ2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ ሲዘልቅ ደግሞ የነበረውም ሥራ ጠፋ። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ አንድ በሬ እየተነዳ ወደ ባቲ ገበያ ይወርዳል። በሬው ሲሸጥ ልጁም እዚያው አለ፤ ብሩ ሲቆጠር ያያል። ይህ ልጅ ካልተሳካለት በየትኛው ፊቱ ይመለሳል?

አደጋውንም ያውቃል። ጀልባ መስጠሙን ያውቃል። በ2016 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከቦሳሶ 260 ሰው ጭና የወጣች ጀልባ የመን ዳርቻ ሰጥማ 49 ሰው ሞቶ 140 ሰው የደረሰበት ሳይታወቅ ሲቀር ሰምቷል። በ2017 ሐምሌ መጨረሻም አብያን ዳርቻ ከ150 በላይ ሰው የያዘች ጀልባ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች። የሚያስበው «እኔ አልሆንም» ብሎ ነው። እንደዚህ ማሰብ የወጣት ሁሉ ጸባይ እንጂ የከሚሴ ልጅ ድንቁርና አይደለም።

አሁን ወደ እውነተኛው ግማሽ። ጉዞው ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው፤ «ስትደርስ ትከፍላለህ» ይባላል። ማታለሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመን ባሕር ዳር፣ ራስ አል-ዓራ አካባቢ፣ የተሻገረውን ሰው በር ዘግተው የሚያግቱበት ግቢ አለ፤ ልጆቹ «ሖሽ» ይሉታል። ስልክ ይሰጠዋል። እናት ከሚሴ ላይ ታነሳለች። ልጇ እስከ ዛሬ ሲደውል መጀመሪያ የሚላት ቃል የታወቀ ነው፤ «ኡሚ፣ አብሽሪ» ነው፤ አይዞሽ፣ አታስቢ እንደ ማለት። ወሎ ውስጥ ሰው ሲታመምም፣ ሲያዝንም፣ ሲከስርም የሚባለው ቃል ነው። ያን ማታ ግን አይላትም። ከስልኩ ወዲያ የዱላ ድምፅ ይሰማል፣ ሌላ ሰው ቁጥር ይጠራል፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ አገር ቤት ባለ ሰው ስም ነው። ሁለተኛው በሬ የሚሸጠው ያኔ ነው፤ ሰኞ ድረስም አይጠበቅም፤ የተገኘው ዋጋ ይቆረጣል።

በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣ አዋጅ፣ ቁጥር 1178/2012፣ አለን። ጥሩ አዋጅ ነው። ግን ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሩ ደግሞ የአክስቱን ልጅ አይከስም።

«የሚሄዱት ሴቶች ናቸው»

በቦሌ ከሆነ፣ አዎ፣ በብዛት ሴቶች ናቸው፤ በኮንትራት፣ ለቤት ሥራ። በባሕር የሚሄደው በብዛት ወንድ ነው። ጂዛንና አሲር ተራራ ላይ ፍየል የሚጠብቀው፣ እርሻ የሚያጠጣው፣ መኪና የሚያጥበው፣ ጅምር ሕንፃ ውስጥ የሚያድረው ዘበኛ እሱ ነው። ግን ሴቶችም ባሕሩን ይሻገራሉ፤ ሖሽ ውስጥ የሚደርስባቸው ከወንዶቹ ይብሳል፤ ስለ እሱ ሲመለሱ የሚናገሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

«የሃይማኖት አገር ነው፤ ሙስሊም ሙስሊምን አይጎዳም»

ይህን ተረት ለማረም የሚነሳ ሰው ጠንቀቅ ማለት አለበት፤ ሥሩ ክቡር ነውና። ከሚሴ ለአንድ ሽማግሌ ሳውዲ ማለት ነዳጅ ሳይሆን መካና መዲና ናቸው። የወሎ ዑለማ ባሕሩን ሲሻገሩ የኖሩት ለዕውቀት ነበር። ከወሎ ተነስተው መካ ላይ ሐዲስ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ በሱነን አን-ነሳኢ ላይ ሰፊ ማብራሪያ የጻፉት ሼኽ ሙሐመድ ዓሊ ኣደም የሞቱት እዚያው መካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020። ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት ደግሞ ስደቱ በተቃራኒው ነበር፤ የመካ ሰዎች ናቸው ሐበሻ ገብተው ነጃሺን የተጠጉት። ስለዚህ «የኛ ሰው እዚያ እንግዳ አይደለም» የሚለው ስሜት ከባዶ አልመጣም።

ግን ድንበር ጠባቂ ሃይማኖት ጠይቆ አይተኩስም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በፈንጂ መሣሪያ እንደገደሉ ገልጿል፤ ከተረፉት ጋር ተነጋግሮ፣ የሳተላይት ምስል ተመልክቶ። የሳውዲ መንግሥት አስተባብሏል። ከሞቱት መሃል «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ የወደቀ እንደማይጠፋ ለመገመት ሪፖርት አያስፈልግም።

ከተኩሱ ይልቅ ብዙዎችን የሚያገኘው ግን ጸጥ ያለው ነው። ረመዷን ሲገባ የቤት ሠራተኛዋ ሥራ ይገለበጣል፤ ቀን ጽዳት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሳምቡሳና ሾርባ፣ ከኢፍጣር በኋላ እንግዳ፣ ከእንግዳ በኋላ ሰሑር። እሷም ጾመኛ ናት። ተራዊሕ ሲሰገድ ድምፁ በኩሽናው መስኮት ይገባል፤ እጇ ሳህን ላይ ነው። «ቁርኣን ቀርቻለሁ፣ ዐረብኛ አይቸግረኝም» ብላ የሄደችው ልጅ፣ የመድረሳው ዐረብኛ ለማንበብ እንጂ «መጥረጊያው የት ነው?» ለማለት እንደማይበቃ በመጀመሪያው ቀን ታውቃለች።

«በቦሌ የሄደ ምንም አይሆንም»

ከባሕሩ ጋር ሲነጻጸር፣ እውነት ነው፤ በቦሌ የሄደ ሰው አይሰጥምም፣ ሖሽም አይታገትም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛው 18 ዓመት እንዲሞላው፣ ውልም እንዲኖረው ያዛል፤ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ደላላ «ለቪዛው አምጪ» ካላት፣ ሕጉን እየጣሰ እንደሆነ ማወቅ አለባት። (መንግሥት ራሱ በ2006 ጥቅምት ጉዞውን ከልክሎ እስከ 2010 ዘግቶት ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰው መሄዱን አልተወም፤ መስኮት ፈለገ።)

ግን ውሉ ከሳውዲ ሕግ በታች ነው። እዚያ የምትኖሪው በከፊልሽ፣ በአሠሪሽ ማለት ነው፣ ስም ነው፤ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። ከቤቱ ወጥተሽ ብትሄጂ «ሁሩብ»፣ ጠፍታለች ብሎ፣ ያስመዘግብብሻል፤ ሕጋዊዋ ሕገወጥ ልትሆን ትችላለች። ሳውዲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ሠራተኛ አሠሪውን ያለ ፈቃዱ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ አድርጋ ዓለም አጨበጨበላት። ማሻሻያው የቤት ሠራተኛን፣ እረኛን፣ የቤት ሾፌርን፣ አትክልተኛን አይመለከትም ነበር። ማለትም የከሚሴን ሰው አይመለከትም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የውጭ ነገር ላምጣ፤ ጉዳዩን ያበራልናል። ሞሮኮዎችም ጠባብ ባሕር አላቸው፤ ጅብራልታር 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማዶው ስፔን። እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ድረስ ያለ ቪዛ ይሻገሩ ነበር፤ ከዚያ በር ሲዘጋ እነሱም ጀልባ ላይ ወጡ፣ እነሱም ሰጠሙ። ስፔን ገነት አልሆነችላቸውም፤ አልሜሪያ ውስጥ ኤል ኤሂዶ በሚባል የፕላስቲክ እርሻ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ነዋሪው ወጥቶ ቤታቸውንና ሱቃቸውን ሰባብሮባቸዋል። ሆኖም ስፔን እ.ኤ.አ. በ2005 ወረቀት ለሌላቸው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች መኖሪያ ፈቃድ ስትሰጥ ብዙ ሞሮኮዎች አሉበት። አሥር ዓመት በሕግ የኖረ ሞሮኳዊ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ዛሬ በስፔን ከሚኖሩ የውጭ ዜጎች በቁጥር ቀዳሚ ከሆኑት መሃል ናቸው፤ ልጆቻቸው ስፔን ውስጥ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ኳስ ተጫዋች ናቸው።

የከሚሴ ሰው ጂዳ ላይ ሃያ ዓመት ቢኖር ሃያ ዓመት የኖረ እንግዳ ነው። እዚያ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ አርጅቶ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው ቤቱን ከሚሴ ላይ የሚሠራው። መንገድ ዳር የሚያብለጨልጨውን ቆርቆሮ ሰው «እንዴት ያለ ሀብታም ነው» ብሎ ያየዋል፤ እኔ ግን ባለቤቱ በዚያ አገር ምሰሶ የሚተክልበት ስንዝር እንዳልተሰጠው ነው የማይበት።

«ሳውዲ ደርሶ የተመለሰ ያልፍለታል»

ለአንዳንዱ አልፎለታል፤ አልክድም። ባጃጅ የገዛ፣ ወፍጮ ያቆመ፣ እህቱን ያስተማረ ሰው ከሚሴ ላይ አለ። ወሬ የሚሆነውም እሱ ነው።

ቁጥሩ ግን ወዲያ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013፣ ሳውዲ ወረቀት ለሌላቸው የውጭ ሠራተኞች የሰጠችው የምሕረት ቀነ ገደብ ሲያልቅ፣ ሪያድ መንፉሓ ሠፈር ውስጥ አፈሳ ሆነ፤ ደም ፈሰሰ፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ቦሌ ወረዱ፤ ብዙዎቹ ከለበሱት ሌላ የያዙት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 መጀመሪያ ደግሞ 260 ሺህ ያህል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ መንግሥታት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ለመመለስ ተስማሙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሥራ ቤት ሳይሆን ከእስር ቤት፣ ከሹሜሲና ከጂዛን ነው የመጡት። የደረሰ ገንዘብ ቢኖርም የሖሹ ዕዳ፣ የበሬዎቹ ዕዳ፣ የአጎት ብድር ይዞት ይሄዳል። ብሎኬቱ መስኮት ላይ የሚቆመው ያኔ ነው።

ብዙዎቹ ደግሞ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መንገዱን ያውቁታል፣ ዐረብኛው ገብቷቸዋል፣ ዕዳው አልተከፈለም። «ተመላሽ» የሚለውን ቃል የምንጽፈው እኛ ነን፤ እነሱ «መጥቻለሁ» ነው የሚሉት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ከሚሴ መሃል በየሻይ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ተረቱ እንዴት ይኖራል? ባለፈው እንደዚያ ዓይነት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ መልሱን ያየሁ መሰለኝ። ሽርጥ የታጠቀ ሠላሳ የማይሞላው ልጅ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ከጂዛን እስር ቤት የመጣ ነው። ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ሖሽ ውስጥ የተሰበሩ ናቸው፤ ለእኔ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ባቲ መውጫ ወዳለው አቅጣጫ እያየ ነው። ሻይ የሚያቀርበው ልጅ፣ ገና አሥራ ስድስት ቢሆነው፣ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠጋ አለ።

«አያ፣ መንገዱ እንዴት ነው? ይከብዳል?»

ከጎኔ ያለው ልጅ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው አንስቶ ሽርጡ ውስጥ አስገባ፤ ብርጭቆውን በግራው አነሳ።

«አብሽር» አለው፤ «በላብ ነው እንጂ ቀላል ነው።»